ለዶሮ የተባለው መድኃኒት ለጅግራና ለድርጭት ይሆናልን?

የእንስሳት ጤና አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በቅርቡ ወደዚህ አምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት ድርጭት፣ ጅግራ፣ ተርኪና ፌዛንት (የዶሮ ዘመድ የሆነ፣ በውጭ አገር ለአደን የሚረባ ወፍ) ከሚያረቡ አንባቢያን የመጡ ናቸው። እነዚህ አእዋፍ በአገራችን በስፋት ስለማይረቡ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ዱቄትና ፈሳሽ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠንም ጭምር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ለዶሮ የተዘጋጀ ነው። አርቢውም አማራጭ ሲያጣ የዶሮውን መጠን በግምት ቀንሶ ወይም ጨምሮ ይሰጣል። ይህ አሠራር አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከበሽታው ቀድሞ መድኃኒቱ ራሱ ይገድላል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ውስጥ በመኖሪያ ቤቴ ግቢ ድርጭት አረባለሁ። በመፈልፈያ መሣሪያ ካስፈለፈልኳቸው ጫጩቶች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ሞቱብኝ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ሞቱ ግን አልቆመም። የተረፉት ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ተቅማጥ ያዛቸውና ላባቸውን አንጨፍርረው መተከዝ ጀመሩ። ኮክሲዲዮሲስ ነው ተብዬ አምፕሮሊየም ገዛሁ፤ እንዲበረቱልኝም ቫይታሚን ቀላቀልኩበት። አሁንም የሚሞቱ አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ ለየብቻ እንያቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ሞት በአብዛኛው የመድኃኒት ጉዳይ አይደለም። አንዲት የድርጭት ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ ክብደቷ ከ8 ግራም ብዙም አያልፍም። ይህን ያህል አነስተኛ አካል ሙቀቱን የሚያጣው እጅግ በፍጥነት በመሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ የሚለካው ሙቀት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት፤ ከዚያም በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ባይኖርዎ ሌሊት ገብተው ይመልከቷቸው። ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ጥግ ይዘው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ በየቦታው ተበትነው ከተኙ ደግሞ ተስማምቷቸዋል ማለት ነው። ለዶሮ ጫጩት የተሠራው የውሃ መጠጫ ለድርጭት ጫጩት መስጠሚያ ይሆናልና በመጠጫው ዙሪያ ንጹሕ ጠጠር ይደርድሩበት፤ ጠዋት ርሳ የምትገኝ ጫጩት ሁሉ በበሽታ የሞተች አይደለችም። መኖውም ለአፋቸው በሚመጥን ልክ የደቀቀ፣ የፕሮቲን መጠኑም ከ24 እስከ 28 በመቶ የሚደርስ መሆን ይገባዋል፤ ይህ ለዶሮ ጫጩት ከሚዘጋጀው ከፍ ይላል።

ሙቀቱና ውሃው ተስተካክሎም ሞቱ ከቀጠለ፣ በተለይም የሞቱት ሆዳቸው የተነፋ፣ እምብርታቸው ያልተዘጋና ሲከፈቱም አስኳሉ ያልተመጠጠ ሆኖ ከተገኘ፣ ባክቴሪያ የገባው በእንቁላሉ ወይም በመፈልፈያው በኩል ነው። እንግዲያው መስተካከል ያለበት የመፈልፈያው ንጽሕናና የእንቁላሉ አሰባሰብ ነው። በእዳሪ የተበከለ እንቁላል ለመፈልፈያ አይሁን፤ በውሃ አጥቦ ማስገባትም ባክቴሪያውን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። በዚህ ሁኔታ ለጫጩቶቹ አንቲባዮቲክ መስጠት የዛሬዎቹን ጥቂቶች ሊያተርፍ ይችል ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዙር ግን ያው ሞት ይመለሳል።

የሦስተኛው ሳምንት ተቅማጥ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውም ይስማማል። በሽታውን የሚያመጡት ኤይሜሪያ የተባሉ ተሕዋስያን እያንዳንዳቸው የሚያጠቁትን የወፍ ዓይነት የለዩ ስለሆኑ የጎረቤትዎ ዶሮ ኮክሲዲያ ወደ ድርጭቶችዎ አይተላለፍም። ምንጩ የራሳቸው እዳሪ ነው። ከእዳሪው ጋር የሚወጣው የተሕዋሱ ዕንቁላል ለመበከል የሚበቃው እርጥበት፣ ሙቀትና አየር አግኝቶ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ነው። የተለመዱት ፀረ ተሕዋስያን፣ በረኪናም ጭምር፣ አይገድሉትም፤ ድርቀት ግን ይጎዳዋል። ስለዚህ በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ሰጋቱራ በየቀኑ አንሥቶ በደረቅ መተካት ከየትኛውም ዱቄት የሚበልጥ ሥራ ነው። አቅም ካለዎት እዳሪው ወደ ታች እንዲወድቅ ወለሉን በሽቦ መሥራት ችግሩን በእጅጉ ያቃልላል።

አሁን ወደ ቫይታሚኑ እንምጣ። አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ 1ን መስሎ በመግባት ነው። ተሕዋሱ እውነተኛውን ቫይታሚን የወሰደ መስሎት አምፕሮሊየሙን ይወስድና ይራባል። እርስዎ በዚያው ውሃ ውስጥ ቢ 1 ያለበትን ቫይታሚን ሲቀላቅሉ መድኃኒቱ ሊያስርበው የፈለገውን ተሕዋስ መልሰው እየመገቡት ነው። ቫይታሚኑ የሚሰጠው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይሁን። ለዶሮ የተለመደው የሕክምና መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 240 ሚሊ ግራም አምፕሮሊየም ሲሆን፣ ይህም ጥንካሬው 20 በመቶ ከሆነው ዱቄት 1.2 ግራም ማለት ነው፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። የሻይ ማንኪያ ሚዛን ስላልሆነ የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይግዙ። መድኃኒቱ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፤ በቤቱ ውስጥም ሌላ ውሃ አይኑር።

ይህን ሁሉ በትክክል አድርገው በሦስተኛው ቀን ለውጥ ካላዩ መጠኑን አይጨምሩ። ድርጭትን የሚያጠቃ፣ በክሎስትሪዲየም ኮሊነም ባክቴሪያ የሚመጣ የአንጀት ቁስል በሽታ አለ፤ ከላይ ሲታይ ኮክሲዲዮሲስን ይመስላል፣ አምፕሮሊየም ግን ምንም አያደርገውም። ሁለቱን የሚለየው የሞተችውን ድርጭት ከፍቶ አንጀቷን ማየት ነው። በአንጀቱ ግድግዳ ላይ የጎደጎዱ ቁስሎች ከታዩ ሕክምናው በሐኪም የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። ከጫካ የተገኘ የጅግራ እንቁላል ለዶሮ አሳቅፌ ጫጩቶች አገኘሁ። ለሥጋ ዶሮዎቼ ከከተማ የገዛሁትን መኖ ለእነሱም ሰጠሁ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጅግራዎቹ እግራቸው ከዳቸው፤ በደረታቸው ተኝተው እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ይሞታሉ። ያንኑ መኖ የበሉት ዶሮዎች ግን ደኅና ናቸው። ፈንግል ነው ያሉኝም አሉ። መኖው ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዎን፣ በጣም ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውን እንዲህ በግልጽ ስላስቀመጡትም እናመሰግናለን፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው «ዶሮዎቹ ደኅና ናቸው» ባሉት ቃል ውስጥ ነው። ፈንግል ቢሆን ኖሮ ዶሮዎቹ፣ ካልተከተቡ፣ ከጅግራዎቹ ቀድመው ወይም አብረው ይወድቁ ነበር።

በፋብሪካ በሚዘጋጅ የሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲዮሲስን አስቀድሞ ለመከላከል የሚጨመሩ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን፣ ናራሲንና ላሳሎሲድ የሚገኙበት አይኖኖፎር የሚባለው ቡድን አባላት ናቸው። የሚሠሩት የጨው ንጥረ ነገሮችን ሚዛን በማዛባት ስለሆነ መጠኑ ሲያልፍ ወይም የማይስማማው እንስሳ ሲበላው በመጀመሪያ የሚጎዱት የእግር ጡንቻዎችና ልብ ናቸው። ዶሮ በተፈቀደው መጠን ሞኔንሲንን በደንብ ትችላለች። ጅግራ ግን አትችልም፤ በሞኔንሲን ምርቶች ማሸጊያ ላይ ፈረስ፣ ሌሎች የጋማ ከብቶች፣ ያደጉ ተርኪዎችና ጅግራ ከዚህ መኖ እንዳይቀምሱ የሚል ማስጠንቀቂያ የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። ሳሊኖማይሲንና ናራሲን ለተርኪ መርዝ ናቸው። በአንጻሩ ከዚያው ቡድን የሆነው ላሳሎሲድ በአውሮፓ እንቁላል ለማይጥሉ ፌዛንት፣ ጅግራና ድርጭት ተፈቅዶ ይሠራበታል። ስለዚህ «የኮክሲዲያ መድኃኒት አለበት ወይስ የለበትም» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁኑኑ መኖውን ያቋርጡ፤ ነገር ግን አይጣሉት። አንድ ኪሎ ያህሉን በንጹሕ ከረጢት አሽገው፣ የማሸጊያውን ጽሑፍና የተመረተበትን ቀን ጨምረው ለምርመራ ያቆዩት፤ ጥርጣሬው የሚረጋገጠው መኖው ሲመረመር ነው። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። በሕይወት ያሉትን እነዚህ መድኃኒቶች በሌሉበት፣ ለብቻው በተፈጨ ንጹሕ እህልና በበቂ ውሃ መያዝ፣ እንዳይባረሩና እንዳይደክሙም መጠንቀቅ ብቻ ነው ያለው አማራጭ፤ ልባቸው ተጎድቶ ስለሚሆን ሩጫ ሊገድላቸው ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ጋማ ከብት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም የዶሮ መኖ ከፈረስና ከአህያ ጋር በአንድ ግቢ በሚቀመጥበት አገር ይህ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነው። ፈረስን የሚገድለው የሞኔንሲን መጠን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ሞኔንሲን ካለ፣ 200 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከ4 እስከ 6 ኪሎ በልቶ ሊሞት ይችላል ማለት ነው፤ ይህም የተፈታ ፈረስ በአንድ ሌሊት ከጆንያ ሊጨርሰው የሚችለው ነው። መኖውን በር ባለው ቤት ይቆልፉበት። ዶሮዎች ያልጨረሱትንም «ለበቅሎዋ ይሁን» አይበሉ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የመድኃኒቶች መጋጨት ነው። ለመተንፈሻ አካል በሽታ የሚታዘዘው ቲያሙሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን ወይም ናራሲን ካለበት መኖ ጋር ከተገናኘ እነዚህ መድኃኒቶች ከሰውነት እንዳይወጡ ያግዳቸዋል፤ ያን ጊዜ ዶሮም ሳትቀር እንደ ጅግራዎችዎ ሽባ ሆና ትሞታለች። ሐኪም ቲያሙሊን ሲያዝልዎ አስቀድሞ ስለ መኖው ካልጠየቀዎ እርስዎ ይንገሩት።

በመጨረሻም ስለ እንቁላሉ። ጅግራና ቆቅ የዱር እንስሳት በመሆናቸው ከጫካ እንቁላል መሰብሰብም ሆነ ወፎቹን መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚመለከተው ይህን ነው። እርባታዎን ማስፋት ካሰቡ ቀድሞ ከሚረባ መንጋ የተገኘ እንቁላል ይፈልጉ። ይህ ለወፎቹ ጤናም ይበጃል፤ የዱሩ ወፍ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ አይታወቅምና።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ተርኪና ዶሮ አብሬ አረባለሁ። የፈንግል ክትባት በውሃ ሰጥቻለሁ፤ ሆኖም በግንቦት ወር መጨረሻ በሽታው ገብቶ ፈጀብኝ። ክትባቱ የውሸት ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ክትባቱን ከመጠርጠርዎ በፊት ክትባቱ ከፋብሪካ ወጥቶ እስከ ወፏ ጉሮሮ የተጓዘበትን መንገድ ይመርምሩ። የፈንግል ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ሙቀት ያገኘው እንደሆነ ይሞታል፤ የሞተ ክትባትም ብልቃጡ ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። በኪስ ተይዞ በአውቶቡስ የተጓዘ ከሆነ እዚያው ላይ አልቋል። ቢሾፍቱ ላይ ከሚመረቱት ክትባቶች መካከል አይ-2 የተባለው ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋም ስለሆነ ማቀዝቀዣ ለራቃቸው አካባቢዎች የሚመረጠው እሱ ነው፤ ያም ቢሆን ለፀሐይ የሚጋለጥ አይደለም።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ ውሃው ነው። የከተማ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ክትባቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል። የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ መጠቀም፣ አለበለዚያም ክትባቱ ከመጨመሩ ሃያ ደቂቃ ያህል አስቀድሞ በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ስብ የሌለው የዱቄት ወተት መበጥበጥ ያስፈልጋል። መጠጫዎቹ በሳሙናና በበረኪና ታጥበው በደንብ ካልተለቀለቁ የቀረው በረኪና ይጨርሰዋል። ወፎቹ አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ተከልክለው መቆየትና የቀረበላቸውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው መጨረስ አለባቸው። ከመንጋው ግማሹ ሳይጠጣ ከቀረ ግማሹ አልተከተበም። ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ አርቢ በዓይን ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ከውሃው ይልቅ አስተማማኝ ነው። በአይ-2 የተገኘው መከላከያም ለዘለቄታው ስላልሆነ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ መደገም ይኖርበታል፤ ክረምት ሊገባ ሲል በሽታው ስለሚበረታ ቢዘገይ በሚያዝያ መደገም ነበረበት።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ምክንያት መኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ባልታወቀ በሽታ አለቁ፤ የዳክዬና የፌዛንት ጫጩቶችም አብረው ሞቱ። ተሕዋስ ቢፈለግ አልተገኘም። በመጨረሻ የተደረሰበት ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ እንደነበረና ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ እንዳመነጨ ነው፤ ይህ መርዝ በስም የታወቀውም ከዚያ ወዲህ ነው። ተርኪ፣ ዳክዬና ፌዛንት ከዶሮ ይልቅ በአፍላቶክሲን ይጎዳሉ። መጠኑ ለመግደል ባይበቃ እንኳ ጉበትን አዳክሞ የመከላከል አቅምን ስለሚያሳንስ የተከተበ ወፍ እንዳልተከተበ ይሆናል። እርጥበት የነካው በቆሎና የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ለተርኪ አይሰጥ፤ ሻጋታውን አራግፎ ወይም በፀሐይ አድርቆ መስጠትም መርዙን አያስወግደውም።

ፈንግል ከገባ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። የታመሙትን ለይቶ ማስወገድ፣ የሞቱትን በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ የቀሩትንም ለገበያ አለማውጣት ግድ ነው። የመጨረሻውን አጥብቄ የምለው ሲያስሉ ያዩትን ወፎች ዋጋ ሳያጡ ለመሸጥ የሚቸኩል አርቢ በሽታውን ወደ መላው ወረዳ ስለሚበትነው ነው።

ተርኪንና ዶሮን አብረው ስለማርባትዎም ልናገር። ዶሮ በዕውር አንጀቷ ትል ዕንቁላል አማካይነት ሂስቶሞናስ የተባለ ተሕዋስ ትሸከማለች፤ እሷን ብዙም አይጎዳትም፤ ተርኪውን ግን ቢጫ ተቅማጥ አስይዞ፣ ጉበቱን በክብ በክብ ቁስል በስቶ ይገድለዋል። አሜሪካ ለመከላከያ ይውል የነበረው የመጨረሻው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከገበያ ከወጣ በኋላ እዚያም ሆነ በአውሮፓ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ተርኪዎቹን ዶሮ ካልዋለበት መሬት ላይ ያሳድጉ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ለአደን የሚለቀቁ ፌዛንቶች በሚረቡበት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ጫጩቶቹ በበጋ ወደ ጫካ አጥር ከተዛወሩ በኋላ አንገታቸውን ዘርግተው ያዛጋሉ፣ ያስነጥሳሉ፤ ያን ጊዜ መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ ይሰጣቸዋል፣ ይድናሉም። ወንድሜ አዲስ አበባ ዶሮና ድርጭት ጀምሯል፤ የእሱም ወፎች እንዲሁ ስለሚያዛጉ መድኃኒቱን እንድልክለት ይለምነኛል። ልላክለት?

መልስ፦ አይላኩለት፤ ምክንያቱንም ለወንድምዎ እንዲያስረዱት በዝርዝር እንግለጽ።

እርስዎ የሚያዩት ማዛጋት ምናልባት በአየር ቧንቧ ውስጥ የሚኖረው ሲንጋመስ የተባለ ቀይ ትል የሚያመጣው ነው። የሞተውን ፌዛንት የአየር ቧንቧ በመቀስ ቢከፍቱት ወንዱና ሴቷ ተጣብቀው በመንታ የተከፈለ ቀይ ክር መስለው ያገኟቸዋል፤ ለማየት ማጉያ መነጽር እንኳ አያስፈልግም። ወፎቹ የሚበከሉት በአብዛኛው የትሉን እጭ የያዘ የመሬት ትል ሲበሉ ነው፤ ያው የጫካ አጥር በየዓመቱ አገልግሎት ላይ ሲውልም መሬቱ በየዓመቱ ይበልጥ ይበከላል። አሠሪዎችዎ የሚሰጡት ፍሉቤንዳዞል ከሆነ በመኖ ተቀላቅሎ ለ7 ቀን የሚሰጥ ሲሆን ትሉን በደንብ ይገድላል።

አዲስ አበባ ውስጥ በተዘጋ ቤት፣ በሰጋቱራ ላይ ወይም በሽቦ ወለል ላይ የሚኖሩ ድርጭቶች ግን የመሬት ትል ከየት ያገኛሉ? የእነሱ ማዛጋት ከፈንግል፣ ማይኮፕላዝማ ከተባለ የመተንፈሻ አካል ባክቴሪያ ወይም በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ከሚከማች የአሞኒያ ሽታ የመጣ የመሆን ዕድሉ የሰፋ ነው። ወንድምዎ ወደ ቤቱ ሲገባ ዓይኑን የሚያቃጥለው ከሆነ መጀመሪያ መስኮት ይክፈት፣ ጉዝጓዙንም ይቀይር። የትል መድኃኒት ከእነዚህ አንዱንም አይፈውስም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ትክክለኛው ምክንያት እስኪታወቅ ጊዜ ማባከን ነው። አገር ውስጥ ያልተመዘገበ የእንስሳት መድኃኒት በሻንጣ ማስገባትም በሕግ ያስጠይቀዋል።

ባሉበት ቦታ የሚያዩት ሥርዓት ግን ለወንድምዎ ከዱቄቱ የበለጠ ስጦታ ነው። እዚያ አንቲባዮቲክ የሚገኘው መንጋውን በሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የተሰጠው መድኃኒት፣ ቀኑና የወፎቹ ቁጥር በመዝገብ ይሰፍራል። እነዚያ ፌዛንቶች ጫካ ቢለቀቁም ለምግብ የሚውሉ ወፎች ተብለው ስለሚቆጠሩ የአደኑ ወቅት ከኦክቶበር 1 ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱ ከሥጋቸው መውጣት አለበት። ለፌዛንት የአንጀት ተሕዋስ በጣም ይረዳ የነበረው ዲሜትሪዳዞል በአውሮፓ የታገደውም በሰው ጤና ላይ በሚያስከትለው ሥጋት ምክንያት ነው። አርቢዎቹ መድኃኒቱን ሲያጡ የወፎቹን ቁጥር ከመቀነስ፣ መሬቱን ከማሳረፍና ጭንቀታቸውን ከማብረድ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። የዚያ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ሜትሮኒዳዞል በአገራችን ለድርጭትና ለዶሮ መሰጠቱን ስንሰማ የምናዝነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዶሮዎቼና ድርጭቶቼ ሲያስሉ ለሰው የሚሸጠውን ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቼ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ በውሃ እሰጣቸዋለሁ። እንቁላላቸውን ለልጆቼ ብሰጥ ይጎዳቸዋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መድኃኒቱን በሚሰጡበት ጊዜና ካቆሙም በኋላ በሚቆጠሩ ቀናት ውስጥ የተጣለውን እንቁላል አይብሉ፣ አይሽጡም። አስኳል በወፏ አካል ውስጥ የሚያድገው ከመጣሉ በፊት ባሉት አሥር ያህል ቀናት ስለሆነ ዛሬ የሰጡት መድኃኒት ከደሟ ወጥቶ እንኳ በሚቀጥለው ሳምንት እንቁላል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ለእንስሳት በተዘጋጀ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ ለሥጋና ለእንቁላል ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ ይጻፋል፤ «እንቁላል ለሚጥሉ አይሰጥም» የሚልም አለ፤ የኮክሲዲዮሲስ መድኃኒት የሆነው ቶልትራዙሪል ከእነዚህ አንዱ ነው። የሰው ካፕሱል ላይ ይህ አይጻፍም። ያ የተጻፈው ቀንም ቢሆን ለዶሮ የተጠና ስለሆነ ለድርጭት ሲሆን ሐኪሙ ያርዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም።

ካፕሱሉ ለወፎቹም የሚጠቅማቸው በጥቂቱ ነው። ቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ስለሚተሳሰር እንቁላል ጣዮች የሚመገቡት የኖራ ድንጋይና የአጥንት ዱቄት ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል፤ መጠኑ ያነሰ አንቲባዮቲክ ደግሞ ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል። ያ ብርቱ ባክቴሪያ እንቁላሉን በሚይዙት እጆች በኩል ወደ ልጆችዎ ይደርሳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤንሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለዶሮና ለተርኪ መስጠትን የከለከለችው በሰው ላይ ተቅማጥ የሚያመጣው ካምፒሎባክተር መድኃኒቱን እየለመደ በመምጣቱ ነበር።

ነጭ ሽንኩርቱ ጉዳት የለውም። ሎሚውን ግን መድኃኒት በተበጠበጠበት ውሃ ላይ አይጨምሩ፤ ለምሳሌ ቶልትራዙሪል አሲድ ሲነካው ከውሃው ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ያን ጊዜ የላይኛውን የጠጡት ምንም ሳያገኙ የታችኛውን የጠጡት ከመጠን በላይ ይወስዳሉ።

ጥያቄ፦ «የሞተውን አስመርምሩ» ትላላችሁ፤ የት ወስጄ፣ እንዴት አድርጌ? (ከደሴ)

መልስ፦ ለእርስዎ የሚቀርበው የኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ነው። እንዲህ ያሉ ላቦራቶሪዎች በባሕር ዳር፣ በአሰላ፣ በሶዶና በሌሎችም ከተሞች አሉ፤ በአገር ደረጃ ሰበታ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቢሾፍቱና ጎንደር ባሉት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ምርመራ ይደረጋል።

ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት ያላለፈው ሬሳና ሁለት ሦስት የታመሙ ግን በሕይወት ያሉ ወፎች ቢወስዱ ሐኪሙ ብዙ ነገር ማየት ይችላል፤ ትናንት የሞተው አንጀቱ ስለሚበሰብስ ኮክሲዲዮሲስንም ሆነ የአንጀት ቁስልን ለመለየት አይረዳም። ሬሳውን በእጅዎ ላይ ፌስታል አጥልቀው ያንሡ፤ በሁለት ፌስታል አሽገው በረዶ ባለበት ሳጥን ያስቀምጡት፤ በፍሪዘር አስገብተው ግን በረዶ አያድርጉት። ከሚበሉት መኖ ጥቂት ይያዙ። በወረቀት ላይም የወፎቹን ዕድሜና ቁጥር፣ ሞቱ የጀመረበትን ቀን፣ በየቀኑ ስንት እንደሞተ፣ የተሰጠውን ክትባትና እስካሁን የሞከሩትን መድኃኒት ሁሉ ሳይደብቁ ይጻፉ፤ አንቲባዮቲክ መሰጠቱ ካልተነገረ ላቦራቶሪው ባክቴሪያ ለማሳደግ ሞክሮ ምንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ሲመለሱ ጫማዎን ሳያጥቡና ልብስዎን ሳይቀይሩ ወደ ወፎቹ ቤት አይግቡ፤ በረኪና የሚሠራው ጭቃውና እዳሪው አስቀድሞ በሳሙና ሲታጠብ ነው።